ከጣና ዳር ሆኖ ስለ አገሮች ፍትሕ መሟገት፦ የዓባይን ጉዳይ በሥነ ምግባር ሚዛን የመመዘን መመሪያ

ስለ ዓባይ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። ጸሐፊው መደምደሚያውን በልቡ ይዞ ይቀመጥና ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ማስረጃ መልቀም ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አስቀድሞ ከሚስማማው ሰው ጭብጨባ ያገኛል፤ የማይስማማውን ሰው ግን አንዲት ስንዝር አያንቀሳቅስም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን፣ ሕግን ወይም ፍልስፍናን ለሚማሩ፣ እንዲሁም በውይይት ክበብ ተሰብስበው ስለ አገር ጉዳይ ለሚከራከሩ ወጣቶች ነው። የሚያሳየውም የትኛው አገር ልክ እንደሆነ ሳይሆን፣ ጥቅማችሁን በማይጋራ ሰው ፊት ሳይፈርስ ሊቆም የሚችል የሥነ ምግባር ሙግት እንዴት እንደሚሠራ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ስድስት ወይም ሰባት ጓደኞችና አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው።

እኔ ራሴ ይህን መንገድ የያዝኩት ተሸንፌ ነው። ከዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር በተደረገ አንድ የወጣቶች ውይይት ላይ «ውኃው ከእኛ ስለሚመነጭ በውኃው የማዘዝ ሙሉ መብት የእኛ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ዛፍ ጥላ ሥር መረባቸውን ዘርግተው የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ለካ ያዳምጡን ኖሯል፤ ዓይናቸውን ከመረቡ ሳያነሡ «እንግዲያውስ ልጄ፣ የጉማራም ውኃ የላይኞቹ ነዋ። በፓምፕ ስበው ሲያደርቁት እኛ ምን ብለን እንከሳቸዋለን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከየት ሆናችሁ እንደምትናገሩ ዕወቁ

ጥያቄያቸው ለምን እንደከበደኝ ለመረዳት ካርታ ማየት ይበቃል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ይገባሉ፤ በተፈጥሮ መንገዱ ከሐይቁ የሚወጣው ግን ባሕር ዳር ላይ የሚነሣው ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው ለካርቱምና ለካይሮ የላይኛው ተፋሰስ ነዋሪ ሲሆን፣ ለፎገራና ለሜጫ ገበሬ ደግሞ የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ነው። በሐይቁ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደነዚህ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ በበጋ ደግሞ የፎገራ ሽንኩርት ከጉማራና ከርብ ይጠጣል፣ የቆጋ ግድብም በመራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ያጠጣል። ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም የሚያነሡት ጥያቄ ስንፍና ወይም ክፋት የለበትም፤ ውኃው ግን አንድ ነው።

ክርክሩ በከተማችን ውስጥም አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ፣ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ውኃ እየመጠነ እንዲለቅ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀ ነው። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወደ ተርባይኑ ዞረና ጢስ እሳት ፏፏቴ ለብዙ ወራት ቀጭን ክር መሰለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ዝናቡም አንሶ፣ ለኃይል የሚለቀቀውም በዝቶ የሐይቁ ከፍታ እጅግ ስለወረደ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ። መብራት የሚፈልገው፣ ጀልባ የሚነዳው፣ ቱሪስት የሚያስጎበኘው፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው ሁሉ የአንድ አገር ዜጋ ነበር፤ ሆኖም «የእኛ ውኃ» የሚለው ቃል ለማንኛቸውም መልስ አልሰጠም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፦ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከእኔ በታች ያለው ማን ነው?» እና «ከእኔ በላይ ያለው ማን ነው?» ብላችሁ ጽፋችሁ በሁለቱም ሥር ሰዎችን ዘርዝሩ። የአገር ስም አትጻፉ፤ «ግብፅ» ከማለት «ደምየታ አጠገብ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ»፣ «ደራ» ከማለት «ጉማራ ዳር ፓምፕ የተከራየ ወጣት» በሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከባሕር ዳር ሆነን ስንናገር ዓባይን በሙሉ እጃችን ላይ ያለ ያስመስለናል እንጂ፣ ከጣና የሚወጣው ውኃ ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ከሚይዘው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ቀሪው የሚመጣው ከባሕር ዳር በታች ከሚቀላቀሉት ከበሽሎ፣ ከጀማ፣ ከጉደር፣ ከዴዴሳ፣ ከዳቡስና ከሌሎችም ነው።

ሙግታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና በሁለት ቀለም አስምሩበት

«ዓባይ የእኛ ነው» የሚለው ሙግት አይደለም፤ ዘፈን ላይ ያምራል፣ ለክርክር ግን አያገለግልም። ሙግት የሚሆነው «ይገባል» ወይም «አይገባም» የሚል ግሥ ሲኖረው፣ ማን ለማን ምን እንደሚገባው ሲናገርና ምክንያቱን ሲያስከትል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከጻፋችሁ በኋላ ያለውን ነገር በሚናገረው ክፍል ሥር በቀይ፣ መሆን የሚገባውን በሚናገረው ክፍል ሥር ደግሞ በሰማያዊ አስምሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እንዳስተዋለው፣ ጸሐፊዎች «ነው» ሲሉ ይቆዩና ሳይታወቃቸው «ይገባል» ወደ ማለት ይሻገራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ድልድይ ግን አያሳዩም።

በሁለቱም ወገን በብዛት የሚነገሩትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንይ። የመጀመሪያው «ከናይል ውኃ 86 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይመነጫል፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ማንንም ሳታማክር ልትጠቀምበት ይገባል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ግብፅ ከምትጠቀምበት ጨዋማ ያልሆነ ውኃ 97 በመቶ ገደማው ከናይል ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊቀንስባት አይገባም» ይላል። ቀዩን መስመር ብቻ ካነበባችሁ ሁለቱም አኃዞች በየፊናቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሰማያዊው ግን ከቀዩ አይወለድም። በመካከል የተደበቀ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሥራው እሱን አውጥቶ መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የተደበቀው «ሀብት የመነጨበት ባለግዛት በሀብቱ ላይ ብቸኛ አዛዥ ነው» የሚል ሲሆን፣ በሁለተኛው ውስጥ ያለው ደግሞ «አስቀድሞ የተጠቀመና የለመደ ሰው የለመደውን ያህል ለዘላለም ይገባዋል» የሚል ነው።

የተደበቀውን ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ በኋላ ወደ ጉማራ ውሰዱት። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ፣ ዓሣ አጥማጁ አዛውንት ምንም ክስ የላቸውም። ይህን መርሕ እ.ኤ.አ. በ1895 በግልጽ የተናገሩት የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጃድሰን ሃርመን ናቸው፤ ሜክሲኮ በሪዮ ግራንዴ ውኃ መቀነስ ስታማርር አሜሪካ በግዛቷ ውስጥ ባለው ውኃ የፈለገችውን ብታደርግ የሚከለክላት ሕግ የለም አሉ። አገራቸው ግን በአስተያየቱ አልጸናችም፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሜክሲኮ ውኃ ለማካፈል ተዋዋለች። ሁለተኛው መርሕ እውነት ከሆነ ደግሞ፣ በድህነት ምክንያት ዘግይቶ ቦይ የቆፈረ ገበሬ ስለ ድህነቱ ይቀጣል ማለት ነው። በእኔ ግምት ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስቀይም ውጤት አለው፤ ምክንያቱም ትናንት ያልነበረውን ሰው ዛሬም እንዳይኖረው ያዛል። ያም ሆኖ ይህን መናገር የመጀመሪያውን መርሕ ትክክል አያደርገውም፤ የአንዱ መውደቅ የሌላው መቆም አይደለም። ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው።

«በአገሮች መካከል ጉልበት እንጂ ምግባር የለም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ

በእያንዳንዱ ውይይት ላይ አንድ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ በላይ ያነበበው እሱ ነው። አቋሙ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳብ ሪያሊዝም ከሚባለው ሰፈር የሚመጣ ሲሆን፣ ሥሩም ሩቅ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ እንደጻፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 የአቴና መልእክተኞች ለትንሿ ደሴት ለሜሎስ ሰዎች ፍትሕ የሚነሣው በእኩዮች መካከል ብቻ እንደሆነ፣ ኃይለኛው የሚችለውን እንደሚያደርግ፣ ደካማውም እንደሚሸከም ነገሯቸው። ሜሎሶች አንገዛም አሉ፤ አቴናውያን ወንዶቻቸውን ገደሉ፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ለባርነት ሸጡ።

ለዚህ ሰው በስሜት አትመልሱ። በመጀመሪያ ቀይና ሰማያዊውን መስመር አሳዩት፦ «ኃይለኛው የሚችለውን ያደርጋል» የሚለው ቀይ ነው፤ ከእሱ «ሊያደርግ ይገባዋል» የሚል ሰማያዊ አይወጣም። ከዚያ ከራሳችን ታሪክ ጠይቁት። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሳ ስትገባ ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩ በጣልያን ላይ ማዕቀብ ቢጥልም ለጦርነቱ ወሳኝ የነበረውን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ አደረገው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው የተሟገቱት ከጣልያን የሚበልጥ ጉልበት አለን ብለው አይደለም፤ ለትንሹም ለትልቁም እኩል የሚሠራ ቃል ተሰጥቶናል ብለው ነው። አሁን ጓደኛችሁን ጠይቁት፦ ያ ሙግት ትርጉም ነበረው ወይስ ከንቱ ልፍለፋ ነበር? ትርጉም ነበረው ካለ፣ ስለ ዓባይ ሲናገር ጉልበትን ብቻ መጥራት አይችልም። ከንቱ ነበር ካለ ቢያንስ አቋሙ አንድ ወጥ ነው፤ ነገር ግን በ1928ቱ ግፍ የመቆጣት መብቱን አብሮ እንደጣለ ይወቅ።

ይሁን እንጂ ሪያሊስቱን አባርራችሁ አትስደዱት፤ ለጽሑፋችሁ የሚያስፈልግ ነገር በእጁ አለ። እንደ ሐንስ ሞርገንታው ያሉት የዚህ ሰፈር ታላላቅ ጸሐፊዎች ምግባር የለም አላሉም፤ ያሉት የመንግሥት ሰው ውሳኔው የሚያስከትለውን መዘዝ ሳይመዝን በመርሕ ስም ብቻ ቢሄድ ሕዝቡን ለጥፋት ሊዳርግ ይችላልና አስተዋይነት ከምግባር ሁሉ የላቀ ፖለቲካዊ ምግባር ነው የሚል ነው። ኬኔት ዋልዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስረዳው፣ ከመንግሥታት በላይ የሆነ ዳኛ ስለሌለ ደግ መንግሥት እንኳ ጎረቤቱን እየጠረጠረ እንደሚኖር ነው። ይህን ተቀብላችሁ በሙግታችሁ ጫፍ ላይ «ይህ መርሕ ሲጣስ ማን ያያል? ማንስ ይጠይቃል?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ። ለምሳሌ በድርቅ ዓመት ውኃ መልቀቅ ይገባል የምትሉ ከሆነ፣ የልቀቱን መረጃ ማን እንደሚለካና ለማን እንደሚያሳይ ያላካተተ ሙግት ግማሽ ሙግት ነው።

ባለመብቱ አገር ነው ወይስ ሰው?

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ነገር ግን ካለፋችሁት ጽሑፉ ይዘባረቃል። «ኢትዮጵያ ይገባታል» ስትሉ የምትናገሩት ስለ መንግሥቱ ነው ወይስ ማታ በኩራዝ ስለሚያጠናው ልጅ? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ፍትሕ ሲጽፍ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደሚይዙ የማያውቁ ሰዎች ከመጋረጃ በስተጀርባ ተቀምጠው ደንብ ቢያወጡ ፍትሐዊ ደንብ ያወጣሉ አለ። ቻርልስ ቤይትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ወደ ዓለም አሰፋና፣ አንድ ሰው ማዕድን ወይም ውኃ ባለበት አገር መወለዱ ዕጣ እንጂ ሥራው አይደለም፣ ስለዚህ የተፈጥሮ ሀብት ክፍፍል በዓለም ደረጃ የፍትሕ ጥያቄ ነው ብሎ ተሟገተ። ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ አልተስማማም፤ የአገርን ዕድል የሚወስነው ከሀብቱ ይልቅ የሕዝቡ ተቋማትና የፖለቲካ ባህል ነው አለ።

ቤይትዝን ለራሳችሁ ብቻ አትጥቀሱት። «ዝናቡ የወረደላችሁ በዕጣ ነው» የሚል የካይሮ ሰው በእሱ ሊጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን በመስኖ ቀድሞ መጀመርም ዕጣ ነው፣ ስለዚህ ያው ሐሳብ «ታሪካዊ መብት»ንም ይነቀንቀዋል። ሁለት ወገን የሚቆርጥ ሐሳብ ስታገኙ ሁለቱንም ስለት አሳዩ፤ ጽሑፋችሁ የሚታመነው ያኔ ነው። በአገርና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ፍርድ ቤትም ገብቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ በምትፈጽመው የዘር አድልዎ ምክንያት በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሷት፤ በ1966 ድምፁ ሰባት ለሰባት ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የቆመችው ለውኃዋም ለድንበሯም አልነበረም።

ውሎችን አንብቡ፤ ዳኛ ግን አታድርጓቸው

ውል የተገባ ቃል ነውና ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄ ሳትጠይቁ አትጥቀሱት፦ ማን ፈረመ? በምን ሁኔታ? ያልፈረመውንስ ያስራል? ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ሦስተኛ አንቀጽ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። «ማገድ» ፈጽሞ መድፈን ነው ወይስ ከውኃው መጠቀምንም ይጨምራል የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂም አንድ ዓይነት አይነበብም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ሲዋዋሉ ደግሞ አስዋን ላይ ከሚለካው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለትነት 10 ቢሊዮን ቀንሰው 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን አካፈሉ። ኢትዮጵያ በድርድሩ አልነበረችም። ይህን ውል «ሕግ ነው» ብሎ በኢትዮጵያ ላይ መጥቀስ፣ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሦስተኛውን በሬ ከሸጡ በኋላ ደረሰኝ እንደማሳየት ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የወንዞች ስምምነት ሁለት መርሖችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን፣ እንዲሁም ጉልህ ጉዳት አለማድረስን። በድምፅ አሰጣጡ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ እያንዳንዳቸው ከሁለቱ መርሖች በአንዱ ላይ የተለየ ሥጋት ነበራቸውና። ሁለቱ መርሖች መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ሕዳሴ ግድብ ካርቱም ላይ በፈረሙት የመርሖች መግለጫ ውስጥም አሉ። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የገፉበት የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትም ከብዙ ዓመት በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን ግን አልገቡበትም። ወገንተኛ ላለመሆን፣ ከላይ የጠየቃችኋቸውን ሦስት ጥያቄዎች በዚህኛውም ውል ላይ ጠይቁ።

የዕጣው ልምምድ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ስለሆነ ጊዜያችሁን ለዚህ አቆዩት። ሰባት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው ጻፉ፦ ሰከላ ግሽ ዓባይ አጠገብ ድንች የሚተክል ገበሬ፤ የጣና ዓሣ አጥማጅ፤ ከጉባው የሕዳሴ ግድብ የምትመጣውን መብራት የምትጠብቅ የገጠር አዋላጅ፤ ከሰናር ግድብ በሚመጣ ቦይ ጥጥ የሚያጠጣ የገዚራ ገበሬ፤ የካይሮ ነዋሪ፤ በዴልታው ጫፍ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚወለድ፣ የት እንደሚወለድ የማይታወቅ ልጅ። ወረቀቶቹን ጠቅልላችሁ ባርኔጣ ውስጥ ጨምሩ። ዕጣው የሚወጣው ደንቡ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ ልምምዱ ተራ ድርድር ይሆናል። ሰባታችሁም ዕጣችሁ የትኛው እንደሚሆን ሳታውቁ «ወንዙን የሚጋሩ ሰዎች እንዴት ይጠቀሙበት?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ አንቀጽ መልሱና ሁላችሁም ፈርሙበት። ከዚያ ዕጣ አውጡ፤ እያንዳንዱ በወጣለት ሰው አፍ ደንቡን ይክሰስ።

እኛ ባለፈው ክረምት ስንሞክረው የመጀመሪያው ደንባችን «ማንም የጎረቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ ወንዙን አይንካ» የሚል ነበር፤ ሰላማዊና ጨዋ መስሎን። የግሽ ዓባይ ገበሬ የወጣላት ልጅ ግን ተነሥታ «እንግዲህ ለድንቼ ቦይ ለመቅደድ ካይሮ ደብዳቤ ልጽፍ ነው» ስትል ሳቁ ሳያልቅ ደንቡ ሞተ። ሁለተኛው ደንብ «እያንዳንዱ በግዛቱ ያሻውን ያድርግ» አለ፤ የገዚራው ገበሬ «ግድቡን በአንድ ሌሊት ብትለቁትስ? ቦዬን ጎርፍ ወስዶት ላድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው ረዘም ያለ ነበር፦ ሁሉም ለሚያስፈልገው ይጠቀም፤ ትልቅ ሥራ የሚሠራ አስቀድሞ ያሳውቅ፣ የሚለቀውንም ውኃ መጠን ይግለጽ፤ ለመጠጥና ለዕለት ጉርስ የሚሆን ውኃ ከንግድ ሰብል ይቅደም፤ በድርቅ ዓመት ጉድለቱን ሁሉም ይካፈል። የዴልታው ሩዝ ገበሬ «ንግድ ሰብል» ሲባል ሩዙ እንዳይሆን ፈርቶ ተከራከረ፤ የፎገራ ልጅ የሆነ ጓደኛችን፣ በዕጣው የካይሮ ነዋሪ ቢሆንም፣ ሩዝ በፎገራ ጉርስም ንግድም መሆኑን አስታወሰን። ገና የሚወለደው ልጅ የወጣለት ወጣት ደግሞ ከሁሉ ያልተጠበቀውን ጥያቄ አነሣ፤ ስለ ውኃው መጠን እየተጨቃጨቅን ስለ እምቦጩና ወደ ሐይቁ ስለሚገባው ደለል አንድም ሰው አላነሣም አለ።

ይህ ልምምድ ደንቡ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ባርኔጣው ውስጥ ማን እንደገባ የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማንን እንደረሳችሁም ብዙውን ጊዜ የሚታያችሁ ዘግይቶ ነው። እኛ ለምሳሌ ጉባ አካባቢ ለግድቡ ሲባል ከቀዬው የተነሣውን የጉሙዝ ገበሬ ረስተን ነበር።

የተቃራኒያችሁን ሙግት እሱ ከሚጽፈው አሻሽላችሁ ጻፉ

በጥንቱ በላ ልበልሃ ተሟጋች የሚለካው የባላጋራውን ነጥብ ሰምቶ በዚያው ነጥብ ላይ በመመለሱ ነው፤ ከጎን የሚዘላብድ ዳኛ ፊት ይረታል። ስለዚህ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ሙሉ ለካይሮ ስጡ። እዚያ ላይ «ቅኝ ገዢ አስተሳሰብ» የሚል ስድብ አይጻፍ። ይልቁን በጣም ጠንካራው ነጥብ ይጻፍ፦ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሌላ ወንዝ የለውም፤ ዝናብም አይዘንብለትም፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በሚይዝ ግድብ ላይ ያለ ውሳኔ በተከታታይ የድርቅ ዓመታት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የማወቅ ፍላጎቱም ከፍርሃት እንጂ ከትዕቢት ብቻ የመጣ አይደለም። ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ብቻ መልሱ፤ ለምሳሌ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውኃውን ተርባይን አዙሮ የሚለቅ እንጂ በመስኖ የሚያስቀር አለመሆኑን፣ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሲሠራም ኢትዮጵያን ማንም እንዳላማከረ አንሡ። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ነጥብ ግብዝነትን ያጋልጣል እንጂ አለማማከርን ትክክል አያደርግም።

ከዚያ በኋላ የቃል ምርመራ ይቀራል። «ታሪካዊ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «ሉዓላዊ»፣ «ሕልውና» የሚሉትን አራት ቃላት ባገኛችሁበት ሁሉ ክበቡና በእነሱ ቦታ ግልጽ ዓረፍተ ነገር መተካት ይቻል እንደሆነ ሞክሩ። ካልተቻለ ከቃሉ በስተጀርባ ሐሳብ አልነበረም ማለት ነው፤ ሰርዙት። እንዲሁም «እኛ» ያላችሁበትን እያንዳንዱን ቦታ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ «እኛ» መንግሥት ነው፣ አንዳንዱ ባሕር ዳር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እናንተው ሰባቱ ናችሁ።

የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ከመድረክ በፊት ለአንድ ዓሣ አጥማጅና ለአንድ ባለፓምፕ ገበሬ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ሁለቱም የሚገኙት ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሩቅ መንገድ የለውም። እያነበባችሁ «ኢትዮጵያ» የሚለውን «ላይኛው»፣ «ግብፅ» የሚለውን ደግሞ «ታችኛው» በሚል ለውጡት። ዓሣ አጥማጁ የተደሰተበትንና ገበሬው ፊቱን ያጠቆረበትን ዓረፍተ ነገር፣ ወይም በተቃራኒው የሆነውን፣ በቀይ ምልክት አድርጉበት፤ በዚያው ማታ ግን አታርሙት፤ ሳምንት ይደር።